ማሽኑ አለ፣ ቀፎው የለም፦ ለድሮ ውድ ሰዓት ቀፎ ስለመፈለግ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ውስጥ ሰዓት ጠጋኝ አጠገብ ትንሽ ከተቀመጣችሁ ይህን ጉዳይ ይዞ የሚመጣ ሰው አይጠፋም። ከኪሱ የተጠቀለለ መሐረብ ያወጣል። ሲፈታው የአባቱ ወይም የአያቱ ኦሜጋ ነው፣ ግን ሆዱ ብቻ። ቀፎ የለውም። «ጋሼ፣ ለዚህ የሚሆን ቀፎ ይገኛል?» ይላል። ይገኛል። ግን አብዛኛው ሰው ፍለጋውን የሚጀምረው ከተሳሳተው ጫፍ ስለሆነ ጊዜውንም ገንዘቡንም ይጨርሳል።

ከዚህ በታች «ማሽን» ስል የሚሠራውን የውስጥ ክፍል፣ «ቀፎ» ስል ኬዙን፣ «ገጽ» ስል ቁጥሮቹ ያሉበትን ሳህን፣ «መሙያ» ስል ደግሞ በጎን በኩል የምትጠመዘዘውን ማለቴ ነው።

ለመሆኑ ማሽን ያለ ቀፎ እንዴት ይቀራል?

ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ወርቅ ነው። የድሮ ውድ ሰዓቶች ብዙዎቹ ቀፏቸው 18 ወይም 14 ካራት ወርቅ ነበር። ቤት ሲቸግረው ወርቁ ወደ ወርቅ ቤት ይሄዳል፣ ይመዘናል፣ ይቀልጣል፣ ማሽኑ ለባለቤቱ ይመለሳል። ይህ የእኛ አገር ነገር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በጥር 1980 የአንድ አውንስ ወርቅ ዋጋ 850 ዶላር ሲደርስ በአውሮፓና በአሜሪካ ስፍር ቁጥር የሌለው የሰዓት ቀፎ እሳት ውስጥ ገብቷል። ዛሬ ገበያ ላይ ቀፎ አልባ ማሽን የበዛው፣ የወርቅ ቀፎ ደግሞ የጠፋው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ሌላው ምክንያት ላብ ነው። የወርቅ ቅብ ቀፎ ሥሩ ናስ ከሆነ ላብ ቀስ በቀስ ይበላዋል፣ መጨረሻ ላይ ማሰሪያው የሚያያዝበት ጆሮው ይሰበራል።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በፊት አድርጉ። ቤተሰቡን ጠይቁ። «ተሸጧል» የተባለ ቀፎ ከአክስት ሣጥን ውስጥ ከአሮጌ ደብዳቤ ጋር ሊገኝ ይችላል። ጥያቄው ደግሞ ምንም አያስወጣም።

ምን ዓይነት ማሽን እንደያዝኩ በምን አውቃለሁ?

ማሽኑ ላይ ተጽፏል። ማንበብ የሚገባችሁ የካሊበር ቁጥሩን ነው፣ ማለትም የማሽኑን ዓይነት የሚለየውን። ኦሜጋ ላይ ድልድይ በሚባለው፣ ጥርሶቹን ከላይ ሸፍኖ በሚይዘው ጠፍጣፋ ብረት ላይ በግልጽ ይቀረጻል፤ 265፣ 552፣ 565 የመሰለ ቁጥር ነው። ኤታና ኤ ሽልድ የሚባሉት ፋብሪካዎች በሠሯቸው ማሽኖች ላይ ደግሞ ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከሚወዛወዘው ጎማ ሥር ተደብቆ ይገኛል። አጉሊ መነጽርና ጥሩ ብርሃን ያስፈልጋል። ስልካችሁን አቅርባችሁ ፎቶ አንሱና አጉሉት፣ ይበቃል።

ከካሊበሩ ሌላ ረዘም ያለ ቁጥር ታያላችሁ፣ ኦሜጋ ላይ 7 ወይም 8 አሃዝ ሊሆን ይችላል። እሱ መለያ ቁጥሩ ነው፣ ሰዓቱ በግምት መቼ እንደተሠራ ይነግራችኋል። የሞዴሉ ቁጥር ግን ኦሜጋ ላይ የሚጻፈው በኋላ ክዳኑ ውስጠኛ በኩል ነው። ስለዚህ ቀፎው ከሌለ የሞዴል ቁጥሩም አብሮ ሄዷል ማለት ነው። ሮሌክስ ላይ ደግሞ ሁለቱም ቁጥሮች ቀፎው ጎን ላይ፣ ማሰሪያው በሚያያዝበት በጆሮዎቹ መሃል ነበር የሚቀረጹት። የድሮ ፎቶ ካለ ፈልጉ። አባታችሁ በሠርጉ ቀን እጁን ዘርግቶ የተነሣው ፎቶ ከማንኛውም ካታሎግ ይበልጣል፤ የቀፎው ቅርጽ፣ የጆሮው አቀማመጥ፣ ቢጫ ይሁን ነጭ ይታያል።

እና እባካችሁ በቤት ቢላዋ አትነካኩት።

ምን ምን ልለካ?

እዚህ ጋ ነው ሰው የሚቸኩለው። የድሮ ሰዓት መለኪያ ሊኝ ይባላል፣ ከፈረንሳይ የመጣ ነው፣ አንዱ ሊኝ 2.256 ሚ.ሜ. ገደማ ነው። ሻጮች «11 ተኩል ሊኝ» ብለው ይጽፋሉ። ይህ ግን የስም መጠን ነው እንጂ ትክክለኛ ልክ አይደለም። ለምሳሌ ኤታ 2824 የሚባለው ማሽን «11 ተኩል ሊኝ» ይባላል። ብታባዙት 25.9 ይመጣል፣ የማሽኑ ልክ ግን 25.6 ሚ.ሜ. ነው። ዩኒታስ 6497 ደግሞ 16 ተኩል ሊኝ ይባላል፣ በስሌት 37.2 ሊሆን ነው፣ ቀፎ ውስጥ የሚገባው ልክ ግን 36.6 ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር ሰዓት ላይ ብዙ ነው። ስለዚህ በሊኝ አትግዙ፣ በሚሊ ሜትር ጠይቁ።

የምትለኩት በካሊፐር፣ ዕቃን ቆንጥጦ በሚለካው መሣሪያ ነው፣ የፕላስቲኩ ካለ እሱ ይሻላል፣ ማሽኑን አይጭረውም። መጀመሪያ ቀፎ ውስጥ የሚገባውን የማሽኑን ክብ ለኩ። ብዙ ማሽን ከገጹ በኩል ትንሽ ወጣ ያለ ጠርዝ አለው፣ እሱን ለብቻው ለኩትና ሁለቱንም ቁጥር ጻፉ። ቀጥሎ የገጹን ስፋት። ገጹ ከማሽኑ ይሰፋል፣ እና አንድ ዓይነት ማሽን ላይ የተለያየ ስፋት ያለው ገጽ ሊገጠም ይችላል። ቀፎው የሚይዘው ገጹን ስለሆነ ገጹ በግማሽ ሚሊ ሜትር ካነሰ በመስታወቱ በኩል ክፍተቱ ይታያል፣ ከበለጠ ጭራሽ አይገባም። የገጹን ጠርዝ ሞርዶ ማስገባት የሚባለውን ነገር የሚያቀርብላችሁ ጠጋኝ ካለ ሰዓታችሁን ተቀብላችሁ ውጡ።

ከዚያ ውፍረት። በእጅ የሚሞላ ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። በእጅ እንቅስቃሴ ራሱን የሚሞላ ከሆነ ግን ከኋላ የሚሽከረከረው ከባድ ግማሽ ክብ አለ፣ ክዳኑ ጥልቀት ከሌለው ይፋቃል። ሰዓቱን ስትነቀንቁት የመፋቅ ድምፅ ከሰማችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው። ከፊት በኩል ደግሞ የጠቋሚዎቹ ቁመት አለ። የሴኮንድ ጠቋሚው መስታወቱን ከነካ ሰዓቱ ይቆማል፣ እናንተም ማሽኑ የተበላሸ ይመስላችኋል።

ዲያሜትሩ ከገጠመ አይበቃም?

አይበቃም። ጫማ ቁጥሩ 42 ስለሆነ ብቻ እግር አይገባበትም እንደሚባለው ነው። ዋናው ነገር የመሙያው ዘንግ የሚገባበት ከፍታ ነው። ማሽኑ ጎን ላይ ዘንጉ የሚገባበት ቀዳዳ አለ፣ ቀፎው ጎን ላይም ቀዳዳ አለ። ገጹ በቦታው ሲቀመጥ ሁለቱ ቀዳዳዎች በአንድ መስመር መሆን አለባቸው። ትንሽ ቢዛነፉ ዘንጉ ጎብጦ ይሠራል፣ ስትሞሉት ሻካራ ይሆናል፣ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጥርሶች ይበላሉ፣ አንድ ቀን ዘንጉ እጃችሁ ላይ ይሰበራል። ስለዚህ ለሻጩ የምትጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «ስንት ሚሊ ሜትር ነው?» ሳይሆን «ከዚህ በፊት ውስጡ የነበረው ማሽን ካሊበሩ ስንት ነው?» ይሁን። የእናንተው ካሊበር ከሆነ የከፍታው ጉዳይ አለቀ።

ሌላ ነገርም አለ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ከተሠሩት ኦሜጋዎች ብዙዎቹ፣ በተለይ ዴ ቪል የሚባሉት፣ ከኋላ የማይከፈቱ አንድ ወጥ ቀፎ ናቸው። የሚከፈቱት በፊት በኩል መስታወቱን አውጥቶ ነው፣ ዘንጋቸውም ሁለት ቦታ የሚላቀቅ ነው። ክዳን ያለው መስሎት ከኋላ የሚቆፍር ሰው አይንካው። ለእንደዚህ ዓይነት ቀፎ የእናንተ ሙሉ ዘንግ አይሆንም፣ ተላቃቂው ዘንግ ከቀፎው ጋር መምጣት አለበት።

ታዲያ ባዶ ቀፎ ከየት ልግዛ?

ባዶ ቀፎ አትፈልጉ። ማሽኑ የሞተ ሙሉ ሰዓት ፈልጉ።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የምታስታውሱ ከሆነ ይህን ያዙ። ባዶ ቀፎ ስትገዙ ግምት ነው የምትገዙት። ሙሉ ሰዓት ስትገዙ ግን ለክቶ የጨረሰው ፋብሪካው ነው። የእናንተ ዓይነት ማሽን ውስጡ እንዳለ በዓይናችሁ እያያችሁ ነው። ከቀፎው ጋር ማሽኑን የሚይዘው ቀለበት፣ መያዣ ብሎኖቹ፣ መሙያው፣ የመሙያው ቱቦ፣ መስታወቱ፣ ክዳኑ አብረው ይመጣሉ። እነዚህን አንድ በአንድ ለየብቻ ፈልጎ ማግኘት ከቀፎው ራሱ የከበደ ሥራ ነው። የማሽኑም ፍርስራሽ አይጣልም፣ ነገ የእናንተው ሰዓት ጥርስ ቢሰበርበት መለዋወጫ ነው።

ዋጋውም ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ገጹ የተበላሸ፣ ማሽኑ የዛገ ሰዓት ሰብሳቢዎች አይፈልጉትም፣ ሻጩ «ለመለዋወጫ» ብሎ ያወጣዋል። እናንተ ደግሞ ገጹም ማሽኑም አያስፈልጋችሁም።

በተለይ እድለኛ የሚሆነው የኦሜጋ 30 ሚሊ ሜትር ማሽን ያለው ሰው ነው። ይህ የማሽን ቤተሰብ እ.ኤ.አ. ከ1939 እስከ 1963 የተሠራ፣ በእጅ የሚሞላ፣ 260ዎቹና 280ዎቹ የሚባሉትን የሚያጠቃልል ሲሆን ወደ 3 ሚሊዮን ገደማ ተመርቷል። የብረት ቀፎ ያለው የሞተ ሰዓት አይጠፋም። 550ዎቹም፣ ማለትም 27.9 ሚ.ሜ. ስፋት ያላቸው ራሳቸውን የሚሞሉት፣ በብዛት አሉ። እዚህ ላይ ግን ቀን የሚያሳየውንና የማያሳየውን አታደባልቁ፤ ቀን ያለው ማሽን ወፈር ይላል። የኦሜጋ የኋላ ክዳን ውስጥ በ165 የሚጀምር ቁጥር ካለ ቀን የሌለው፣ በ166 የሚጀምር ከሆነ ቀን ያለው ነው፣ ሁለቱም ራሳቸውን የሚሞሉ።

የእኔ አቋም አንድ ነው፦ የሚሠራ ጤነኛ ሰዓት ገዝቶ ለቀፎው ሲባል መበተን ደግ አይደለም። የሞተ እስኪገኝ ይጠበቅ። ይህ ሰዓት ብዙ ዓመት ጠብቋል፣ ትንሽ ቢጨመርበት ምንም አይሆንም።

ኦንላይን ላይ ርካሽ አዲስ የቻይና ቀፎ አየሁ። ይሆናል?

ለእነማን እንደተሠሩ ተመልከቱ። አብዛኞቹ ሲኮ ኤንኤች 35 ወይም ኤታ 2824 ለሚባሉት ማሽኖች የተሠሩ ናቸው። የድሮ ኦሜጋ፣ ሎንጂን ወይም ሮሌክስ ማሽን አይገባቸውም፣ ቢገባም ዘንጉ አይገጥምም። «ቀለበት ሠርተን እናስገባዋለን» የሚል ካለ የከፍታውን ጥያቄ ጠይቁት።

አንድ ልዩ ሁኔታ ዩኒታስ 6497 እና 6498 ናቸው። እነዚህ እ.ኤ.አ. በ1950 ለኪስ ሰዓት የወጡ ናቸው፣ ዛሬም በእጅ ሰዓት ውስጥ ይገጠማሉ፣ አዲስ ቀፎም በሽ በሽ ነው።

የአያቴ የኪስ ሰዓት ማሽን ነው ያለኝ። የእጅ ሰዓት ማድረግ ይቻላል?

ይቻላል፣ ግን መጀመሪያ የሴኮንዱን ትንሽ ክብ ተመልከቱ። መሙያው 12 ቁጥር አናት ላይ ሆኖ ሴኮንዱ ከሥር 6 ላይ ከሆነ የፊት ክዳን የሌለው የኪስ ሰዓት ነበር። እጅ ላይ ሲታሠር መሙያው ወደ 3 ስለሚዞር ሴኮንዱ 9 ላይ ይመጣል፣ ገጹም አብሮ መቀየር አለበት። መሙያው ከመጀመሪያውም 3 ላይ የሆነው፣ የፊት ክዳን ያለው ዓይነት ግን ሴኮንዱ 6 ላይ ይቀራል፣ እንዳለ ይገባል። ዩኒታስ 6497 የመጀመሪያው፣ 6498 የሁለተኛው ዓይነት ነው።

አሜሪካ ሠራሽ ከሆነ፣ ዋልታም ወይም ኤልጂን የሚል ካለበት፣ ደስ ይበላችሁ። በዚያ አገር ማሽንና ቀፎ ለየብቻ ነበር የሚሸጠው፣ ደንበኛው ሱቅ ውስጥ ነበር የሚያጋባቸው። ስለዚህ መጠናቸው ደረጃ አለው። «16» የሚባለው 43.2 ሚ.ሜ.፣ «18» የሚባለው 44.9 ሚ.ሜ. ገደማ ነው። የዚያው ቁጥር የኪስ ቀፎ ካገኛችሁ ነገሩ ግማሽ አለቀ። እኔ ብሆን የኪሱን በኪስ ነው የምተወው። እጅ ላይ ሲታሠር ድስት ያህላል።

ባሕር ዳር ያሉት ቶርኖ ቤቶች ቀፎ ሊሠሩልኝ ይችላሉ?

ቀለበት አዎ፣ ቀፎ እምብዛም። ከተማችን በብረት ሥራ ድሃ አይደለችም፣ ፖሊ ቴክኒኩ እ.ኤ.አ. ከ1963 ጀምሮ እዚሁ ነው፣ ጥሩ እጅ ያላቸው ሰዎች አሉ። ትንሽ ሰፋ ያለ ቀፎ ካገኛችሁ በማሽኑና በቀፎው መሃል የሚገባውን የናስ ቀለበት ልኩን በወረቀት ስላችሁ ብትሰጧቸው ይሠሩታል። ማሽኑን ግን ይዛችሁ አትሂዱ። ቶርኖ ቤት የብረት ብናኝ ያለበት ቦታ ነው፣ የሰዓት ማሽን ደግሞ የዚያ ጠላት ነው። ልኩን ብቻ ውሰዱ።

ሙሉ ቀፎ ሲሆን ነገሩ ይከብዳል። ክዳኑ የሚጠመዘዝበት ጥርስ ደቃቅ ነው፣ የመሙያው ቀዳዳ ከፀጉር ባልበለጠ ስህተት መበሳት አለበት፣ የመኪና ዕቃ ለሚሠራ ቶርኖ የሚሆን ነገር አይደለም። ወርቅ ሠሪ በብር ወይም በወርቅ ሊሠራላችሁ ይችል ይሆናል፣ ተጭኖ በሚዘጋ ክዳን። ያምራል። ውኃ ግን አይከላከልም፣ ዋጋውም የሞተ ሰዓት ከመግዛት ይበልጣል። ይህን መንገድ የምመክረው ማሽኑ ሌላ ቀፎ የማይገኝለት ሆኖ የቤተሰብ ትዝታው ግን የከበደ ከሆነ ብቻ ነው።

የወርቅ ቅብ ይሻላል ወይስ ብረት?

እዚህ ለሚኖር ሰው፣ በየቀኑ ለሚያስረው፣ ብረት። ይኸው ነው። አይዝጌ ብረት ላብ አይበላውም፣ ክረምቱን ይችላል። ቅብ ሲገዛ ቢያምርም መጀመሪያ የሚለቀው ጆሮው ጫፍና መሙያው አጠገብ ነው፣ ሻጮች ደግሞ ፎቶ የሚያነሱት ከፊት ነው። ጎኑን አሳዩኝ በሏቸው። ክዳኑ ላይ «20 ማይክሮን» የሚል ካለ ወፍራም ቅብ ነው፣ ካልተፈቀፈቀ ክፉ አይደለም።

«የአባቴ ወርቅ ነበር፣ ብረት ባደርገው ክብሩ ይቀንሳል» የሚል ሰው አለ። አይቀንስም። ኦሜጋ ራሱ አንዱን ማሽን በወርቅም በብረትም ቀፎ አውጥቶታል።

የወርቅ ቀፎ ተገኘልኝ። እውነተኛ መሆኑን በምን ልወቅ?

ክዳኑን አስከፍታችሁ ውስጡን እዩ። 750 ማለት 18 ካራት፣ 585 ማለት 14፣ 375 ማለት 9 ነው። ስዊስ ሠራሽ የድሮ ቀፎ ከቁጥሩ ጎን ማኅተም አለው፤ በ18 ካራቱ ላይ የሴት ራስ፣ በ14ቱ ላይ ሽኮኮ። ከነሐሴ 1995 እ.ኤ.አ. በኋላ ያለው ግን የውሻ ራስ ነው። ስለዚህ የ1955 ሰዓት ነው ተብሎ የውሻ ራስ ማኅተም ካለበት የተጭበረበረ ነገር አለ። ወርቅ ቤት ስታስፈትሹ ደግሞ በአሲድ የሚፈትኑት ከጆሮው ውስጠኛ ጎን ይሁን፣ ፊት ለፊቱን አታስጭሩ። በሕግ ደረጃ የከበደ ዕቃ ስለሆነ ከመንገድ ላይ ያለ ደረሰኝ አትግዙ፣ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

አዲሱ ቀፎ «ውኃ የማያስገባ» ይላል። ይዤው ጣና ላይ ልውጣ?

ጀልባ ላይ መውጣት ሌላ፣ መዋኘት ሌላ። የድሮ ቀፎ ክዳን ላይ የተጻፈው ሰዓቱ አዲስ በነበረበት ቀን እውነት ነበር። ውስጡ ያለው ጎማ ከደረቀ ምንም አይከላከልም። ጎማው ይቀየር፣ መስታወቱ ይፈተሽ፣ እንዲያም ሆኖ ዘጌ ሄዳችሁ ስትመለሱ ማዕበሉ የሚረጨውን ብቻ ይችላል ብላችሁ ያዙት። «30 ሜትር» የሚለውም ለመዋኘት ማለት አይደለም። መስታወቱ ሥር ጉም ካያችሁ ፀሐይ ላይ አታስጡት፣ ያው ቀን ጠጋኝ ዘንድ ውሰዱት። ከሐምሌ እስከ መስከረም ይህ ነገር ይበዛል።

ከውጭ እንዴት ነው የማስመጣው?

እውነቱን ለመናገር አብዛኛው ሰው በዘመድ ነው። ዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው ሰው ጥቂት ነው፣ ስለዚህ ውጭ ያለ ወንድም ወይም የአጎት ልጅ ገዝቶ በሚመጣ ሰው እጅ ይልካል። የሚገዛው ሰው ስለ ሰዓት ምንም ላያውቅ ይችላል፣ «አንድ ኦሜጋ ቀፎ ላክልኝ» ብላችሁ አትተዉት። የካሊበር ቁጥሩን ጽፋችሁ ስጡት። ከሻጩ እነዚህን ፎቶዎች እንዲጠይቅ ንገሩት፦ ማሽኑ ቀፎው ውስጥ እያለ፣ የክዳኑ ውስጠኛ ክፍል፣ ቀፎው በጎን፣ ጆሮዎቹ ከሥር፣ የመሙያው ቱቦ። ክዳኑ የሚጠመዘዝ ከሆነ ጥርሱ አለመበላቱን። ከሻጩ መልስ ካልመጣ ይለፈው።

በፖስታ ከሆነ ጉምሩክ ቀረጥ ሊጠይቅ ስለሚችል ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ፣ የግዢ ደረሰኝም ይኑር። የወርቅ ቀፎ ግን በፖስታ አታስልኩ።

አገር ውስጥ ለሚፈልግ ሰው አዲስ አበባ ፒያሳ ነበር ዋናው ቦታ። ከ2016 ዓ.ም. ፈረሳ በኋላ ግን ብዙ ሱቅ ቦታ ቀይሯል፣ የድሮ አድራሻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ደውሉ።

ቀፎ ስቀይር ገጹንም አብሬ ላሳድሰው?

ተዉት። ያረጀ ገጽ ዋጋ አለው፣ የተቀባ ገጽ የለውም። በተለይ ገጹ ላይ ዘውድ፣ የአማርኛ ጽሑፍ ወይም የመሥሪያ ቤት ምልክት ካለ ጭራሽ እንዳይነካ። ቢጫ መሆኑ፣ ነጠብጣብ መያዙ ዕድሜው ነው።

ጨለማ ውስጥ ያበራ የነበረ ቁጥር ወይም ጠቋሚ ያለው የድሮ ሰዓት ከሆነ ደግሞ የጤና ጉዳይም አለ። እስከ 1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ድረስ ለዚህ ራዲየም ይቀባ ነበር። ዛሬ ባያበራም ጨረሩ አለ። ታስሮ ሲታይ ሳይሆን ሲፋቅና ብናኙ ሲተነፈስ ነው አደገኛ የሚሆነው። ጠጋኙም ይወቀው፣ ልጆችም አይጫወቱበት።

ቀፎ የተቀየረለት ሰዓት ዋጋው ይወርዳል?

ይወርዳል፣ ግን ቀፎ ከሌለው ማሽን በላይ ነው። ሰብሳቢ የሚፈልገው ከፋብሪካ አብረው የወጡ ክፍሎችን ነው። ነውሩ መቀየሩ ላይ ሳይሆን መደበቁ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ጄኔቫ ላይ አንድ ኦሜጋ ስፒድማስተር 2915-1 ከ3 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ በላይ ተሸጠ፤ በ2023 ከተለያየ ሰዓት ክፍል የተገጣጠመ መሆኑ ተደረሰበት፣ የቀድሞ የኦሜጋ ሠራተኞች እጅም አለበት ተባለ። ከዚያ ወዲህ ገዢ ሁሉ ዓይኑን አፍጥጦ ነው የሚያየው። የሰዓቱ የኋላ ታሪክም እንዲሁ ይመረመራል፤ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ነበር የተባለው ፓቴክ ፊሊፕ 2497 እ.ኤ.አ. በ2017 ክሪስቲስ የሚባለው ጨረታ ቤት ሊሸጠው ሲል በባለቤትነት ክርክር ምክንያት ከጨረታው ተነሥቷል።

ስለዚህ ካሊበሩን፣ ቀፎው ከየትኛው ሰዓት እንደመጣና ማን እንደገጠመው በአንዲት ወረቀት ጻፉና ከሰዓቱ ጋር አስቀምጡ። ከአሮጌው ቀፎ የተረፈ መሙያ፣ ዘንግ ወይም ብሎን ካለም አትጣሉ፣ እዚያው ፖስታ ውስጥ።

የእናቴ ትንሿ የሴት ሰዓትስ?

ከባድ ነው። የሴት ማሽኖች ብዙዎቹ ክብ አይደሉም፣ ሞላላ ወይም አራት ማዕዘን ናቸው፣ ቀፏቸውም ለእነሱ ብቻ ነው የተሠራው። ያው ካሊበር ያለበት የሞተ ሰዓት ካልሆነ ሌላ መንገድ አትሞክሩ።

በሐበሻ ሰዓት ስሞላው የቀኑ ቁጥር እኩለ ሌሊት ላይ አይቀየርም። ቀፎው ነው?

አይደለም። ማሽኑ ቀን የሚቀይረው ጠቋሚዎቹ 12 ላይ ሲደርሱ ነው። በሐበሻ ሰዓት 12 ማለት ንጋት ወይም ምሽት ነው፣ ስለዚህ ቀኑ አንዱ ላይ ይገለበጣል። ንጋት ላይ እንዲሆን ከፈለጋችሁ የሰዓት ጠቋሚው አንድ ሙሉ ዙር፣ ማለትም 12 ሰዓት፣ እስኪሄድ አዙሩት። ቀኑ ሊቀየር በተቃረበበት ሰዓት ግን ቀኑን በእጅ አትግፉት፣ ጥርሱ ይሰበራል።

ቀፎ እስኪገኝ ማሽኑን የት ላስቀምጥ?

ጥጥ ውስጥ አይሁን፣ ክሩ ጥርሶቹ ውስጥ ይገባል። መሐረብም ያው ነው። ፋርማሲ የሚሰጡትን ጠበቅ ያለ ክዳን ያለው የመድኃኒት ዕቃ አጥባችሁ በደንብ አድርቁ፣ ማሽኑን ገጹ ወደ ላይ ሆኖ በንጹሕ ለስላሳ ወረቀት አስቀምጡት፣ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘዋን እርጥበት የምትመጥ ትንሽ ከረጢት አብራችሁ ክተቱ። ሐይቁ ዳር ያለ ቤት ከሆነ ከረጢቷን በየክረምቱ ቀይሩ። በጣት አትንኩት፣ ላቡ ዝገት ይሆናል። ለጎረቤት ለማሳየትም እያወጣችሁ አትሙሉት። ዘይቱ ደርቆ ከሆነ እያሠራችሁ እያስበላችሁት ነው። ቀፎው ሲገኝ መጀመሪያ ይጠረግ፣ ዘይት ይቀባ፣ ከዚያ ይገጠም።